ብሩ ብቻውን አይመሰክርም፦ ስለ ጥንታዊት ፋርስ የብር ዕቃዎች ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ብሩ ራሱ ይናገራል» የሚል ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። የሚያወራው ስለ ጥንታዊት ፋርስ የብር ጽዋዎችና ሳህኖች ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ በአማርኛ የሚነሳው ስንት ጊዜ ቆይቶ አንዴ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። የጸሐፊው ብዕርም ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ከሚደርስበት ድምዳሜ ላይ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕቃው ላይ የንጉሥ ስም ከተቀረጸ ነገሩ አለቀ፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው። ከየት ወጣ፣ ማን ሸጠው፣ በማን በማን እጅ አለፈ የሚለው የነጋዴ ወሬ ነው። ከዚህ ተነስቶ ስለ አርጤክስስ፣ ስለ ነህምያ፣ ስለ ሳሳናውያን ነገሥታት የአደን ሳህኖች፣ ስለ ሩሲያ ሙዚየም፣ ሌላው ቀርቶ ስለ ኩሽ ሰዎች ሳይቀር ብይን ይሰጣል። አብዛኛው አልተዋጠልኝም። በየተራ ልሂድበት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዓ.ዓ. ያልኩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ነው።)

በነህምያ ልጀምር። ጸሐፊው በአርጤክስስ ስም የተጻፈባቸው የብር ሳህኖች መኖራቸውን ይነግረንና «ነህምያ ለንጉሡ የወይን ጠጅ ያቀረበው በእነዚህ ነው» ይላል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነህምያ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። አብዛኞቹ ምሁራን ያ ንጉሥ ከ465 እስከ 424 ዓ.ዓ. የገዛው ቀዳማዊ አርጤክስስ ነው ይላሉ። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የተፈቀደለት 20ኛው ዓመትም 445 ዓ.ዓ. ላይ ይውላል። ሳህኖቹ ላይ ያለውም የዚሁ ንጉሥ ስም ነው። እስከዚህ ጠብ የለንም።

አሁን ሳህኖቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። አራት ናቸው። አንዱ ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ አንዱ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱ ዋሽንግተን በፍሪር ጋለሪ፣ አንዱ ቴህራን በረዛ አባሲ ሙዚየም ይገኛሉ። ወርዳቸው 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጎድጎድ ያሉ ናቸው። ከመሐል ተነስቶ ወደ ዳር የሚዘረጋ የሎተስ አበባ ቅጠል ብሩን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ወጥቶባቸዋል። በውስጠኛው ጠርዝ ዙሪያውን በጥንታዊ ፋርስኛ፣ በሽብልቅ ጽሕፈት የተቀረጸ አንድ መስመር ይዞራል። የሚለው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ አርጤክስስ፣ ታላቁ ንጉሥ፣ የነገሥታት ንጉሥ፣ የአገሮች ንጉሥ፣ የንጉሡ የዜርክሲስ ልጅ፣ ዜርክሲስም የንጉሡ የዳርዮስ ልጅ፣ አኬሜናዊው (የሥርወ መንግሥቱ ስም ነው)፤ ይህ ጽዋ በቤቱ የተሠራለት።

እንግዲህ የሚለው በቤቱ እንደተሠራ ነው። ንጉሡ ጠጣበት አይልም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የፋርስ ነገሥታት እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያሠሩት ለራሳቸው ገበታ ብቻ ሳይሆን ለስጦታም ጭምር ነበር። ኤሊያን የተባለው የጥንት ጸሐፊ ከግሪክ ለሚመጡ መልእክተኞች ንጉሡ ምን ምን እንደሚሰጥ ሲዘረዝር፣ ከብር ገንዘቡ፣ ከአምባሩና ከሰይፉ ጋር ሁለት ከባባድ የብር ጽዋዎችን ይጠቅሳል።

ከዚህ ይልቅ የምወደው ግን የአቴናው ሊስያስ በአንድ የፍርድ ቤት ንግግሩ ያነሳው ታሪክ ነው። ዴሞስ የተባለ አቴናዊ ከፋርስ ንጉሥ የወርቅ ጽዋ በስጦታ አግኝቷል። መርከብ እየመራ ወደ ቆጵሮስ ሊሄድ ሲል ገንዘብ አጠረው። ጽዋውን በመያዣነት አቅርቦ 16 ሚና (የግሪኮች የገንዘብ መለኪያ) እንዲያበድሩት፣ እሱም 20 አድርጎ እንደሚመልስ ጠየቀ። ቆጵሮስ ሲደርስ ጽዋውን ያስለቅቀዋል፤ ምክንያቱም ያንን ይዞ በንጉሡ ግዛት ሁሉ ገንዘብም ሌላም ነገር ማግኘት ይችላል። ጽዋው የሰውየው መታወቂያ ነበር ማለት ነው። ከንጉሡ ጋር መተዋወቁን ያሳይለታል። (ተበዳሪው ሰው በነገራችን ላይ ብድሩን አላገኘም።)

ስለዚህ የአርጤክስስ ስም ያለበት ሳህን ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በአንድ ሹም ቤት ወይም በአንድ የሩቅ አገር እንግዳ ሻንጣ ውስጥ ዕድሜውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ነህምያን እዚህ ውስጥ ለማስገባት ሳህኑ ላይ ያለው ስም አይበቃም። ነህምያ ራሱ የሚነግረን በሱሳ ግንብ እንደነበረ ነው። ሳህኖቹ ደግሞ ተገኙ የሚባለው በሐመዳን ነው።

«የሚባለው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደናል። ጸሐፊው ሳህኖቹ «በሐመዳን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በቁፋሮ ወጡ» ብሏል። አልወጡም። ያወጣቸው የአርኪዮሎጂ ቡድን የለም፤ የቁፋሮ ማስታወሻም የለም። ብቅ ያሉት በነጋዴ እጅ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄርትስፌልድ በ1935 ስለ እነሱ ጻፈ። ሐመዳን የሚለውም ከገበያ የመጣ ወሬ ነው። ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ለዕቃው የትውልድ ቦታ የሚሰጠው ዋጋውን አስልቶ ነው። ሐመዳን የጥንቷ ኤቅባጥና ናት፤ የነገሥታቱ የበጋ መኖሪያ። ከዚያ የተሻለ አድራሻ ከየት ይመጣል?

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። «ስሙ ተጽፎበት እያለ ምን ጥርጣሬ አለው?» ይላል ጸሐፊው። እኔ ደግሞ የምለው፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሁሉ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ፎርጅድ የሚባል ነገር ባልኖረም ነበር። ማህተሙ ላይ የሚሠራው እኮ አጭበርባሪው ነው። ባዶ የብር ሳህን አንድ ዋጋ አለው። የንጉሥ ስም ያለበት ሳህን ዋጋው ሌላ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሲመጣ ጥርጣሬው መጨመር እንጂ መቀነስ የለበትም።

ደግሞ ማጭበርበሩ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሳህኑ ጥንታዊ ሆኖ ጽሑፉ ትናንት የተጨመረበት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ ፊደሉን በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የቅርጹ ጠርዝ እንደ ሳህኑ ገጽ ተፈግፍጎ ለዝቧል ወይስ ስለት ነው? ጥቁረቱና ዝገቱ ወደ ፊደሉ ጉድጓድ ገብቷል ወይስ መቅረጫው ዝገቱን ሰንጥቆ አልፏል? ሁለተኛው ከሆነ ጉድ ፈላ።

ብሩ ራሱም ይመረመራል። በጥንት ጊዜ ብር የሚነጠረው ባብዛኛው ከእርሳስ ማዕድን ስለነበር ትንሽ እርሳስ፣ ትንሽ ወርቅ፣ አንዳንዴም ቢስመዝ የሚባለው ብረት ይቀርበታል። በዘመናችን በኤሌክትሪክ የሚጣራው ብር ከእነዚህ የጸዳ ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ ንጹሕ የሆነ «ጥንታዊ» ብር ራሱን ያጋልጣል። ግን እዚህም ላይ ጮሌ አለ። ያረጁ የብር ሳንቲሞችን ሰብስቦ ያቀለጠ አንጥረኛ የብሩን ምርመራ ያልፋል። እንግዲህ ላቦራቶሪም ቢሆን ብዙውን ጊዜ «ይህ ፎርጅድ ነው» ለማለት እንጂ «ይህ እውነተኛ ነው» ብሎ ለመማል አይመችም።

የአርጤክስስ ሳህኖችስ? ጥርጣሬ ተነስቶባቸዋል፤ ጸሐፊው ይህን ጨርሶ አላነሳውም። ብሪቲሽ ሙዚየም የራሱን በ1994 ሲገዛ ባለሙያዎቹ ብሩንም ጽሑፉንም መርምረው በማግስቱ ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው ብለዋል። እኔም ወደዚያው አደላለሁ። የማደላው ግን ስለተመረመረ ነው እንጂ «አርጤክስስ» ስለሚል አይደለም። ጸሐፊውና እኔ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ክፍል ጸሐፊው እንደ ማስረጃ የጠራው የግሪፊን (የንስር ራስና የአንበሳ አካል ያለው የተረት እንስሳ) ቅርጽ ያለውን የብር ዕቃ ነው። አሜሪካ በ2013 የኢራኑ ፕሬዚዳንት ሩሃኒ ለተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ኒውዮርክ በሄዱበት ሰሞን ለኢራን የመለሰችው ዕቃ ነው። «መንግሥት ለመንግሥት የሚሰጠው ፎርጅድ አይሆንም» ነው ክርክሩ። እሺ፣ ታሪኩን ልጨርስለት። ዕቃው በ2000 አሜሪካ የገባው ሶሪያ ተሠራ በሚል ሐሰተኛ ወረቀት ነው። ያስገባው ነጋዴ በ2004 ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል። ከመሸጡ በፊት ባለሙያዎች አይተው ጥንታዊ ነው፣ በምዕራብ ኢራን ከሉሪስታን ከአንድ ዋሻ ከወጣው የብር ክምችት ጋር ይሄዳል ብለው ነበር። በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለዓመታት የሠራው ኦስካር ዋይት መስካሬላ ግን ዕቃው ዘመናዊ ነው ብሎ ተከራክሯል። ማለትም ሁለት መንግሥታት በክብር የተቀባበሉት ነገር እውነተኛነቱ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። ዲፕሎማሲ የብር ዕድሜ አይለካም።

የዋሻው ነገር ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። ካልማካራ ይባላል። በ1989 ገደማ የአካባቢው ሰዎች ያገኙት ነው። በርካታ የብር ዕቃዎች ወጡ። አንዳንዶቹ ላይ በኤላምኛ (በደቡብ ምዕራብ ኢራን ይነገር በነበረ ጥንታዊ ቋንቋ) «የሳማቲ ንጉሥ አምፒሪሽ፣ የዳባላ ልጅ» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህን መንግሥት ከሞላ ጎደል የምናውቀው በእነዚህ ዕቃዎች ብቻ ነው። አስቡት፣ ሙሉ ሥርወ መንግሥት! አርኪዮሎጂስት ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የትኛው ከየትኛው ጋር ተቀመጠ፣ ስንት ነበሩ፣ ለምን ዋሻ ውስጥ ተደበቁ የሚለውን እናውቅ ነበር። የደረሱት ግን ዘራፊዎችና ነጋዴዎች ናቸው። የተወሰነው በኢራን መንግሥት እጅ ገብቶ ቴህራንና ኾራምአባድ ሙዚየም ተቀመጠ፤ የቀረው በዓለም ተበተነ። ከዚያ በኋላ «የዋሻው ነው» ተብሎ ገበያ የወጣው ሁሉ የዋሻው መሆኑን ማን ይነግረናል? ጸሐፊው «የነጋዴ ወሬ» ብሎ የናቀው ጥያቄ ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ይህን ስል መነሻው ያልታወቀ ዕቃ ሁሉ ይጣል እያልኩ አይደለም። እንዲህ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ያን ያህል አልሄድም። በ2022 ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ደሴና ባልደረቦቹ መስመራዊ ኤላምኛ የሚባለውን ከ4,000 ዓመት በፊት የነበረ ጽሕፈት ማንበብ እንደቻሉ ያስታወቁት በዋናነት በብር ዋንጫዎች ላይ ተመሥርተው ነው። ዋንጫዎቹ የግለሰብ ስብስብ ናቸው፤ ከየት እንደወጡ በቁፋሮ አልተረጋገጠም። በላያቸው የነገሥታት ስሞች ይደጋገማሉ፤ ኤባርቲ፣ ሺልሃሃ። እነዚያን ስሞች ከሌላ ምንጭ ስለምናውቃቸው ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ግን ልብ በሉ፦ የመጀመሪያው መያዣ የተገኘው ሱሳ ላይ በቁፋሮ ከወጡ ድንጋዮች ነው። ከእነሱ አንዱ ዛሬ ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ያለ፣ በአካድኛም (በጥንት የመስጴጦምያ ቋንቋ) በመስመራዊ ኤላምኛም የተጻፈበት ነው። እሱ ባይኖር ዋንጫዎቹ ለብቻቸው መቆሚያ አይኖራቸውም ነበር። እንዲያም ሆኖ ንባቡን ሙሉ በሙሉ ያልተቀበሉ ምሁራን አሉ፤ አንዱ ምክንያታቸውም የዋንጫዎቹ መነሻ ነው።

ወደ ሳሳናውያን እንሂድ። ከ224 እስከ 651 ዓ.ም. ፋርስን የገዙት ናቸው። ጸሐፊው የአደን ሳህኖቻቸውን «የዘመኑ ፎቶግራፍ» ብሏቸዋል፤ ንጉሡን በዘውዱ እንለየዋለን፣ ያደነውንም እናያለን ይላል። ዘውዱ ላይ ግማሽ እውነት አለው። እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱ ዘውድ ነበረው፤ በሳንቲሞቹ ላይ ስላለ ማመሳከር ይቻላል። ግን ሳህን ላይ ሲሆን ነገሩ ይጠላለፋል። ሜትሮፖሊታን ያለውን ንጉሥ የተራራ በጎችን ሲያድን የሚያሳየውን ታዋቂ ሳህን ውሰዱ። ባለሙያዎቹ ፔሮዝ ወይም ቀዳማዊ ካዋድ ብለው ነው የሚጽፉት፤ አባትና ልጅ ናቸው። ሌሎች ሳህኖች ላይ ደግሞ የማንንም የማይመስል፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ዘውድ አለ። ከሥርወ መንግሥቱ ውድቀት በኋላ ወይም ከመሐል አገር ርቀው የተሠሩ ናቸው። «ፎቶግራፍ» ለሚለውም ቢሆን፣ ብዙዎቹ ሳህኖች ላይ ያው እንስሳ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዴ ሲሮጥ፣ አንዴ ከፈረሱ እግር ሥር ወድቆ። ንጉሡ አይስትም ለማለት እንጂ ማክሰኞ ዕለት የሆነውን ለመዘገብ አይደለም።

ይልቅ ጸሐፊው ያላነሳው የአሠራሩ ነገር ይገርማል። ከሳህኑ ገጽ ጎልተው የሚወጡት ክፍሎች፣ ለምሳሌ የንጉሡ ወይም የእንስሳው አካል፣ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተሠርተው የተገጠሙ ናቸው። አንጥረኛው ሳህኑ ላይ ቦታውን ዙሪያውን ቆርጦ የብሩን ጠርዝ እንደ ከንፈር ያነሳል። ቁራጩን እዚያ ውስጥ ያስቀምጥና ከንፈሩን መልሶ ይጫነዋል። ቁራጩ ተያዘ። ከዚያ ወርቅ በባዜቃ (በሜርኩሪ) ለውሶ መሬቱን ይቀባውና እሳት ያሳየዋል። ባዜቃው ይተናል፤ ወርቁ ይቀራል። ኤክስሬይ ሲነሳ የመገጣጠሚያው መስመር ወለል ብሎ ይታያል።

በሳህኖቹ ጀርባ ስላሉት ነጠብጣቦችም ጸሐፊው ተሳስቷል። «ምናልባት ጸሎት ይሆናሉ» ብሏል። ጸሎት አይደሉም። ነጥብ በነጥብ እየተመቱ የተጻፉ የመካከለኛ ፋርስኛ ፊደሎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚሉት ሁለት ነገር ነው፦ የባለቤቱን ስምና የዕቃውን ክብደት። ክብደቱ በድራህም ነው። የሳሳናውያን ድራህም ሳንቲም 4 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ 200 ድራህም የሚል ሳህን 800 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። ካነሰ ተፈግፍጎ ወይም ተሰብሮ ይሆናል፤ ከበዛ ተጠግኖ። ባለቤቱ ሲቀየርም አዲስ ጽሑፍ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ለእኔ ከፊት ለፊቱ ንጉሥ ይልቅ የጀርባው ሒሳብ ይጣፍጠኛል። ባለቤቱ ሳህኑን የሚያየው እንደ ጌጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብ ነው፤ ቢቸግረው ምን ያህል እንደሚያወጣለት ያውቃል።

ጽሑፍና የተገኘበት ቦታ አብረው ሲመጡ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ጆርጂያ አለችለት። በምጽኸታ አጠገብ በአርማዚ በቁፋሮ ከተገኘ የመኳንንት መቃብር ውስጥ የብር ሳህን ወጥቷል። የፋርስ ሹም የነበረው የፓፓክ ስም በመካከለኛ ፋርስኛ ተጽፎበታል። ሳህኑ የተገኘው ግን በሌላ ሰው፣ በጆርጂያ መኳንንት መቃብር ነው። አያችሁ? ስሙን ብቻ አይተን ቢሆን «የፓፓክ ሳህን» ብለን እናልፍ ነበር። መቃብሩ ሲታወቅ ነው ድንበር የተሻገረ ግንኙነት መኖሩ የተገለጠው።

የሩሲያውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ጸሐፊው ሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም ያለው ትልቁ የሳሳናውያን ብር ስብስብ «ከኢራን የተዘረፈ» ነው ብሏል። ከዚያ ስብስብ ብዙው የወጣው በኡራል ተራሮች አጠገብ፣ በፔርምና በካማ ወንዝ አካባቢ ከመሬት ውስጥ ነው፤ ገበሬ ሲያርስ፣ ሰው ሲቆፍር። እዚያ የደረሰው ከዘመናት በፊት በንግድ ነው፤ የደቡቡ ብር ወደ ሰሜን፣ የሰሜኑ ፀጉራም ቆዳ ወደ ደቡብ። የጫካው ሰዎች ለአምልኮ ተጠቅመውባቸዋል። አንዳንዶቹ ሳህኖች ላይ ባለ ቀንድ ዘውድና ሰይፍ የያዙ ሰዎችን ጫጭረዋል፤ የፋርሱ ንጉሥ ላይ የራሳቸውን አማልክት ማለት ይቻላል። ያኮቭ ስሚርኖቭ ይህን ሁሉ ሰብስቦ በ1909 አሳትሞታል። ዘረፋ የሚለው ቃል ለካልማካራ ይሠራል፤ ለፔርም አይሠራም።

የመጨረሻው የኩሽ ሰዎች ጉዳይ ነው። ጸሐፊው በፋርስ ነገሥታት ከተማ በፐርሴፖሊስ፣ አፓዳና በሚባለው የቤተ መንግሥት አዳራሽ ደረጃ ላይ የተቀረጹትን የኩሽ ልዑካን ጠቅሶ «አባቶቻችን ለፋርስ ብር ያቀርቡ ነበር» ይላል። የተቀረጹት እውነት ነው። ከግብር አቅራቢዎቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ናቸው። አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ይዟል፣ አንዱ የዝሆን ጥርስ ተሸክሟል፣ አንዱ ቀጭኔ መሳይ እንስሳ ይጎትታል። ኩሽ ሲባል ግን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የናይል አገር ነው፤ ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉትም፣ መጽሐፈ አስቴር «ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ» ሲል የሚያመለክተውም ያንን ነው። ሄሮዶቱስ ደግሞ ግብፅን የሚዋሰኑት እነዚህ ሰዎች በየሁለት ዓመቱ ምን እንደሚያመጡ ዘርዝሯል፦ ያልተጣራ ወርቅ፣ 200 ግንድ ዞጲ፣ 5 ልጆች፣ 20 የዝሆን ጥርስ። ብር የለበትም። ልጆቹን ደግሞ ጸሐፊው ዘሏቸዋል።

ጸሐፊው በክፍል ሁለት ስለ ኦክሰስ (የአሙ ዳርያ ወንዝ የጥንት ስም) ክምችት እንደሚጽፍ ቃል ገብቷል። 180 ገደማ የወርቅና የብር ዕቃዎች ናቸው፤ በ1880 አካባቢ ነጋዴዎች ይዘዋቸው ሲጓዙ በካቡልና በፔሻዋር መንገድ ተዘርፈው፣ ኋላ ራዋልፒንዲ ገበያ ላይ ተሸጠው፣ ብዙው ብሪቲሽ ሙዚየም የገባ። አሁንም እንዲህ እጠይቀዋለሁ፦ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ሲጽፍ ከአሙ ዳርያ ወንዝ ዳር የወጣውን ከራዋልፒንዲ ነጋዴ መደርደሪያ ከተገዛው ይለይልን። መለየት ካልቻለም «አይታወቅም» ብሎ ይጻፍልን።